«ታድግበታለች»

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እህቴ ቤት አንዲት ኤሊ አለች፤ ከዓይኗ ኋላ ቀይ ሰረዝ ያለባት። ስትገዛ የሲኒ ማስቀመጫ ታክል ነበር። አሁን ቅርፊቷ 6 ኢንች ደርሶ የመስታወት ገንዳዋ ጠቧታል፤ ውሃውም ይሸታል። የእህቴ ባል «ሐይቅ ወስደን እንገላገላት» ሲል ልጁ ታለቅሳለች። እኔ ከልጅቷ ወገን ነኝ። ኤሊዋ የዚያ አካባቢ ተወላጅ አይደለችም፤ ብትለቀቅ የነባሮቹን ኤሊዎች ቀለብና ፀሐይ መሞቂያ ትሻማለች።

ሁላችንም ሱቅ ሄድን። ለአንድ ኢንች ቅርፊት 10 ጋሎን ውሃ የሚል የተለመደ ስሌት አለ። ሰውየው ወዲያው ባለ 60ው ላይ ቆመ። በየወሩ አገር ቤት ብር የሚልክ ነው፤ አልፈረድኩበትም። «ሴት ናት እኮ፤ 10 ኢንችና ከዚያም በላይ ልትደርስ ትችላለች» አልኩት። እናቶቻችን የበዓል ልብስ ሲገዙልን «ያድግበታል» ይሉ የለ? ዓይኑ ወደ ባለ 120ው ሄደ። የውሃው ክብደት ብቻ 450 ኪሎ ያህል ስለሆነ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይችለውም፤ ጠንካራ ማስቀመጫ ይፈልጋል።

ዋናው ክርክር ማጣሪያው ላይ ነበር። ኤሊ የምትበላውም የምትጸዳዳውም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው፤ ለዓሣ የሚበቃው ለእሷ አይበቃም። ከገንዳው ቢያንስ እጥፍ ለሚሆን ውሃ የተሠራ ይመረጣል። ስፖንጁ ላይ አሞኒያውን የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስለሚፈጃቸው፣ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው የሚለቀለቀው። (ይህን ስል የጽዳት አባዜ ያለባት እህቴ ፊቷ ተለዋወጠ።)

«ለመሆኑ ስንት ዓመት ትኖራለች፣ ጋሼ?»

«በደንብ ከተያዘች 30 ልትሞላ ትችላለች።»

ልጁን አየት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዚያ ካርዱን አወጣ።