ቀጭን ሰው ስኳር አይይዘውም ያለው ማን ነው?

የሰቆጣ ስም በጤና ሰነዶች ላይ የሚነሳው በማራችን ወይም በአበርገሌ ፍየል አይደለም፤ በልጆች ቁመት ነው። ሐምሌ 2007 መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ለቃሉ የሰጠው ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነበር። ቃሉ የተገባው አዲስ አበባ ነው፣ ስሙ ግን የእኛ። ለምን እኛን እንደመረጡ ማንም አልጠየቀም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ስለ ሕፃናቱ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚያሳስበኝ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በእናቱ ማህፀን የነበረው ሰው ነው። እናቱ ከእኛው ከዋግ ኮረም ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ ስንዴ ለመቀበል ተሰልፋ፣ እሱን በሆዷ ይዛ የቆየች ሴት ነበረች። ያ ልጅ ከተረፈ ዛሬ አርባን አልፏል። ጤነኛ እርጅና ስለሚባለው ነገር ሲወራ አትክልት ብሉ፣ ተራመዱ፣ ክብደት ቀንሱ ነው የሚባለው። የዋግ ሰው መራመድ አላነሰውም፤ የሚቀንሰው ክብደትም የለውም።

(ከዚህ በታች ከ77 በቀር የማነሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1944 እና በ45 ክረምት ጀርመኖች ምዕራብ ሆላንድን ከምግብ ቆረጧት። ያኔ በማህፀን የነበሩትን ልጆች ተመራማሪዎች ዕድሜ ልካቸውን ተከታተሏቸው። ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ከእኩዮቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በደማቸው ውስጥ የዲኤንኤ ምልክቶችን መርምሮ፣ በማህፀን ሳሉ ረሃቡ የደረሰባቸው ከእኩዮቻቸው ፈጠን ብለው እያረጁ መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት ስለ ዩክሬኑ የ1932 እና የ33 ረሃብ የታተመው ጥናት ይበልጥ ያስደነግጣል፦ ረሃቡ በበረታበት ጊዜ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ላይ የነበሩ ልጆች ካደጉ በኋላ በዓይነት ሁለት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ነበር።

ምክንያቱ ሲነገር ቀላል ነው። ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱት ሕዋሶች በአብዛኛው የሚሠሩት በማህፀንና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ያኔ የጎደለ በኋላ አይሞላም።

ግን የሆላንድ ረሃብ ግንቦት 1945 ላይ አበቃ። ልጆቹ ያደጉት ቅቤና ወተት ባለበት አገር ነው፤ ስኳሩም የመጣባቸው ከጥጋቡ ጋር ነው። የዋግ ልጅ ከ77 በኋላም ሌላ ድርቅ አየ፣ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ጦርነት። ጥጋቡ አልመጣም። ታዲያ ሳይጠግብ ስኳር የያዘው ሰው ምን ይባላል?

ይህን ጥያቄ በደንብ የጠየቁት ሩቅ አይደሉም፣ ጎንደር ናቸው። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነሱም ጋር በስድሳዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠሩት ብሪታኒያዊው ሐኪም ኤልድሪድ ፓሪ፣ ወደ ክትትል የሚመጡትን የገጠር ሕመምተኞች ሲያዩ መጽሐፉ ከሚለው ጋር አልገጥም አላቸው። የሚበዙት ወጣት ገበሬዎች ናቸው፣ ወንዶች፣ ድሆች፣ ከሲታዎች። ኢንሱሊን ያስፈልጋቸዋል፣ ግን እንደ ዓይነት አንድ ሕመምተኛ አይደሉም። በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ ከምግብ እጥረት የሚመጣውን ስኳር በተመለከተ የተዘጋው መዝገብ እንደገና ይከፈት ወይ ብለው ጠየቁ።

መዝገቡ በእርግጥ ተዘግቶ ነበር። በሽታው በ1955 ጃማይካ ውስጥ ተገልጿል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 በስኳር ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው፣ በ1999 ደግሞ ማስረጃው አልበቃኝም ብሎ አወጣው። እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ ይፈቀድልኝ። ከዝርዝር የወጣ በሽታ መመሪያ አይጻፍለትም፣ ነርስ አይሠለጥንበትም፣ የምርምር ገንዘብም አይመደብለትም። ከዚያ «ብርቅ በሽታ ነው» ይባላል። ብርቅ የሆነው ቆጣሪው ነው። ሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት አምስት» ብሎ ተቀበለው፤ በዓለም ላይ ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ሰው ይኖርበታል ብሎም ገመተ። መለያ መስፈርቱ ላይ ሐኪሞች ገና እየተከራከሩ ነው፤ ይከራከሩ፤ ቀጭን የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ ዓይነት አምስት ነው ማለትም አይደለም።

ክርክሩ መንደር ሲወርድ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አንድ የደሃና ወረዳ ሰው አውቃለሁ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። መጀመሪያ ሲታመም ጎረቤቱ ሁሉ «አንተን ደግሞ ምን ስኳር ይዞህ፣ እሱ የሀብታም በሽታ ነው» ብሎ አሾፈበት፤ እሱም አምኖ ቤቱ ተቀመጠ። ዛሬ ኢንሱሊኑን በፌስታል ጠቅልሎ፣ አንገቷ የተሰበረ ገንቦ ውስጥ አሸዋ ሞልቶ መሃሉ ላይ ይቀብረዋል። ሚስቱ ጠዋትና ማታ አሸዋው ላይ ውሃ ታርከፈክፋለች። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ከዚህ የተሻለ አላየሁም። አንድ ቀን «መርፌዎን ዛሬ ወስደዋል?» ብለው፣ «ምሳ የሌለ ቀን ከወጋሁ ይጥለኛል» አለኝ።

ልክ ነው። የእነዚህ ሰዎች ዋና ችግር ኢንሱሊን በበቂ አለማመንጨት ነው እንጂ ሰውነታቸው ኢንሱሊንን እምቢ ማለቱ አይደለም። ስለዚህ ትንሽ መጠን ይበዛባቸዋል፤ ምግብ በሌለበት ደግሞ ስኳሩ ወርዶ ሊገድላቸው ይችላል። ለወፍራም ሰው የተጻፈውን «እህል ቀንሱ» የሚል ምክር ለዚህ ሰው መስጠት በደል ነው። እሱ የሚያስፈልገው ሽሮ፣ ምስር፣ ካለም እንቁላል፣ በሰዓቱ።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ታማሚ እንዳይጾም ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች፣ እናቶቻችን ግን ፈቃዱን አይወስዱም። መርፌ ወግተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ይቆያሉ። ሐኪም ስላለ አይሰሙም፤ የንስሐ አባት ሲላቸው ይሰማሉ። ካህናቱን ያላሳተፈ የስኳር ክትትል እዚህ አገር ይሠራል ብዬ አላምንም።

በ77 አካባቢ የተወለዳችሁ ወይም እንዲህ ያለ ወንድም ያላችሁ፦ ውሃ ጥም፣ ሽንት ማመላለስ፣ ያለምክንያት መክሳት ካለ ቅጥነት አያዘናጋችሁ። ጠዋት ምግብ ሳትቀምሱ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አዲስ አበባና ውጭ ያላችሁ ደግሞ የስኳር መለኪያ ማሽን ትልካላችሁ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ግን ቶሎ የሚያልቀው የደም መመርመሪያው ስትሪፕ ነው። የአንዱ ማሽን ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ደውላችሁ ቤት ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።