ሃንደል በደብሊን፤ እስረኛ ያስፈታ የበዓል መዝሙር

በዓል በቀረበ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገሠግሣል። የሙዚቃ ባለሙያ ግን በበዓል ሰሞን ከቤቱ ይወጣል፤ የሌላው ሰው ደስታ ለእርሱ የሥራ ቀን ነውና። ቤተ ዘመድ በማዕድ ዙሪያ በሚሰበሰብበት ሰዓት እርሱ መሣሪያውን ይዞ በሰው አገር ይገኛል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንተርከው እንዲህ ስላለ አንድ ጉዞ ነው። ተጓዡ በጀርመን አገር ተወልዶ በእንግሊዝ አገር የኖረው ታላቁ የሙዚቃ ሊቅ ጆርጅ ፍሬድሪክ ሃንደል ነው፤ የሄደበትም ስፍራ የአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን ነው። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወደ ደብሊን የሚሄድ መንገደኛ በጥንታዊው የከተማ ክፍል፣ ክራይስት ቸርች ከሚባለው ካቴድራል አጠገብ፣ ወደ ሊፊ ወንዝ የሚወርድ ጠመዝማዛ መንገድ ያገኛል። ስሙ ፊሻምብል ይባላል። በቀድሞ ዘመን የዓሣ ገበያ የቆመው በዚያ ስለ ነበረ ስሙም ከዚሁ የወጣ ነው። በ1741 ዓ.ም. በዚህ መንገድ ላይ አዲስ የሙዚቃ አዳራሽ ተሠርቶ ተከፈተ። ዛሬ አዳራሹ የለም፤ ከአሮጌው ሕንፃ የቀረው የበሩ ቅስት ነው። ሆኖም በየዓመቱ አፕሪል 13 ቀን መዘምራን በዚያ መንገድ ላይ ተሰብስበው በደጅ ቆመው ይዘምራሉ። ምክንያቱን ለማወቅ የሚሻ ሰው የሚከተለውን ታሪክ ያንብብ።

በ1741 ዓ.ም. ሃንደል የ56 ዓመት ሰው ነበረ። ለሠላሳ ዓመት ያህል በሎንዶን ከተማ በኢጣልያ ቋንቋ የሚዘፈኑ ኦፔራዎችን እየደረሰ ሲያሳይ ኖሯል። በኋላ ግን የከተማው ሰው እየሰለቸው ሄደ። በ1737 ዓ.ም. ብርቱ ሕመም አግኝቶት ቀኝ እጁ ሰንፎ ነበር። በ1741 ዓ.ም. መጀመሪያ ያሳየውም የመጨረሻው ኦፔራ ሦስት ጊዜ ብቻ ታይቶ ቀረ። ብዙ ሰዎች የዚህ ሰው ዘመን አለፈ ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

እርሱ ግን በዚያው ዓመት ከኦገስት 22 እስከ ሴፕቴምበር 14 ቀን ባለው ጊዜ፣ በ24 ቀን ውስጥ፣ «መሲሕ» የተባለውን ታላቅ ድርሰቱን ጽፎ ፈጸመ። ቃሉን ከቅዱሳት መጻሕፍት መርጦ ያዘጋጀለት ቻርልስ ጄነንስ የሚባል ባለጸጋ ወዳጁ ነው። ድርሰቱ ከነቢያት ትንቢት ተነሥቶ የጌታን ልደት፣ ሕማሙንና ትንሣኤውን በመዝሙር የሚተርክ ነው። በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ ንጉሥ እንደራሴ ሆነው አየርላንድን ያስተዳድሩ የነበሩት የዴቨንሽር መስፍን ወደ ደብሊን እንዲመጣ ጋበዙት። ሃንደልም አዲሱን ድርሰት በሻንጣው ይዞ ጉዞውን ጀመረ።

ከሎንዶን እስከ ቼስተር ከተማ ያለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያን ዘመን ይህ ሁሉ በፈረስ ሠረገላ የሚታለፍ ነበር። ቼስተር በደረሰ ጊዜ ነፋሱ ለመርከብ የማይመች ሆነና ብዙ ቀን በዚያ ለመቈየት ተገደደ። በኋላ የሙዚቃን ታሪክ የጻፈው ቻርልስ በርኒ በዚያን ጊዜ በከተማው የሚማር የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ሊቁ በቡና ቤት ተቀምጦ ፒፓውን እያጤሰ ቡና ሲጠጣ አይቶት፣ በከተማው እስከ ቈየበት ቀን ድረስ በጉጉት ሲመለከተው እንደ ነበር ጽፎአል።

ይኸው ጸሓፊ የሚተርከው አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ሃንደል ጊዜው በከንቱ እንዳያልፍ የድርሰቱን ክፍሎች በመዘምራን ድምፅ ለመፈተን ፈለገ፤ ኖታ አይተው ወዲያው የሚዘምሩ ሰዎችም እንዲፈለጉለት ጠየቀ። ከተጠሩት አንዱ መልካም ወፍራም ድምፅ ያለው የመጽሐፍ አታሚ ነበር። ይህ ሰው በተፈተነ ጊዜ ፈጽሞ ተሳሳተ። ሃንደል በብዙ ቋንቋ ከተሳደበ በኋላ፣ ኖታ አይተህ ትዘምራለህ ተብዬ አልነበረምን ብሎ ጮኸበት። ሰውዬውም ሳይደነግጥ፣ አዎን እዘምራለሁ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ አይደለም ብሎ መለሰለት ይባላል።

ኖቬምበር 18 ቀን 1741 ዓ.ም. ሃንደል ደብሊን ደረሰ። ሎንዶን የነፈገችውን ክብርም በዚያ አገኘ። ዲሴምበር 23 ቀን የጀመረው ተከታታይ የሙዚቃ ትርኢት በመኳንንትና በወይዛዝርት፣ በጳጳሳትና በሹማምንት ተሞላ። በዲሴምበር መጨረሻ ለጄነንስ በጻፈው ደብዳቤ አዳራሹ ለሙዚቃ የተመቸ መሆኑን፣ ሕዝቡም በታላቅ ደስታ እንደ ተቀበለው አስታውቋል። የገና በዓል በዚህ ሁኔታ አለፈ። ሚስትም ልጅም ያልነበረው ይህ ሊቅ በዓሉን በባዕድ ከተማ ለሌሎች ሲያደምቅ ዋለ።

ነገር ግን «መሲሕ» ገና አልተሰማም ነበር፤ ለመሰማትም ብዙ እንቅፋት ነበረበት። ለእንዲህ ያለ ድርሰት የታወቁት የሁለቱ ካቴድራሎች መዘምራን ያስፈልጉ ነበር። የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል አለቃ ግን ታላቁ ደራሲ ዮናታን ስዊፍት ነበሩ። እርሳቸው በጃንዋሪ 1742 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን በፊሻምብል አዳራሽ ከቫዮሊን መቺዎች ጋራ እንዳይዘምሩ በቍጣ ከለከሉ። እርጅናና ሕመም አእምሮአቸውን አድክሞት ነበር፤ በዚያው ዓመትም ሞግዚት ተሾመላቸው። በመጨረሻ ግን የሁለቱም ካቴድራሎች መዘምራን እንዲዘምሩ ተፈቀደ።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ነገር የሱዛና ሲበር ነው። ይህች ሴት በሎንዶን የታወቀች ተዋናይት ነበረች፤ ነገር ግን በ1738 ዓ.ም. ባሏ የውሽማዋን ነገር በአደባባይ ከስሶ ስለ ገለጠባት ስሟ በሰው ሁሉ አፍ ወድቆ ነበር። ድምፅዋ ታላቅ አልነበረም፤ ኖታም አጥርታ አታነብም ነበር። ሃንደል ግን ዜማውን ራሱ እያስጠናት፣ ስለ ጌታ መናቅና መከራ የሚናገረውን እጅግ የሚያሳዝን ክፍል ለእርሷ ሰጠ። ሰው የጣላትን ሴት ስለ ተናቀው ጌታ እንድትዘምር መምረጡ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

የትርኢቱ ገንዘብ ለሦስት የበጎ አድራጎት ሥራዎች እንዲውል ተወሰነ። ሁለቱ ድሆች የሚታከሙባቸው ሆስፒታሎች ነበሩ፤ ሦስተኛው በዕዳ የታሰሩትን ለማስፈታት ነበር። በዚያ ዘመን ሕግ ተበድሮ መክፈል ያልቻለ ሰው ወደ ወህኒ ይገባ ነበር። የታሰረ ሰው ሠርቶ ማግኘት አይችልም፤ በወህኒም ውስጥ ለልዩ ልዩ ነገር እንዲከፍል ይጠየቃል። ስለዚህ ዕዳው እየበዛ ይሄዳል እንጂ አይቀንስም። የአባወራው መታሰር ቤተ ሰቡንም በረኃብ ያስር ነበር።

አፕሪል 9 ቀን በሕዝብ ፊት የመለማመጃ ትርኢት ተደረገ፤ የሰሙትም ሰዎች ወሬውን በከተማው ሁሉ አዳረሱት። ቲኬት ፈላጊው ስለ በዛም አዘጋጆቹ በጋዜጣ አንድ ልመና አወጡ። በዚያን ዘመን የወይዛዝርት ቀሚስ በውስጡ ክብ ዘንግ ገብቶበት እንደ ጎጆ ክዳን የተወጠረ ነበር፤ መኳንንቱም ሰይፍ ታጥቀው መሄድን የክብራቸው ምልክት ያደርጉት ነበር። ልመናው እንግዲህ ወይዛዝርቱ ያለ ዘንግ፣ መኳንንቱም ያለ ሰይፍ እንዲመጡ ነው። ይህ ከተደረገ 600 ሰው ብቻ ይይዛል የተባለው አዳራሽ 700 ሰው ይይዛል። የአንዱ ሰው ቲኬት ዋጋ ግማሽ ጊኒ ስለ ሆነ፣ ቀሚሱና ሰይፉ በቤት ሲቀሩ ለድሆች 50 ጊኒ ይጨመራል ማለት ነው። ልመናው ተሰማ፤ አዳራሹም ሞላ።

ቀኑ አፕሪል 13 ቀን 1742 ዓ.ም.፣ የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ፣ ሰዓቱም እኩለ ቀን ነበር። በዚያ ጊዜ እንግሊዞች ገና በቀድሞው በዩልዮስ አቆጣጠር ይሄዱ ስለ ነበር፣ ፋሲካቸው ከእኛ ፋሲካ ጋራ በአንድ ቀን ይውል ነበር። ሃንደል ራሱ በመሣሪያ ተቀምጦ መራ፤ የቫዮሊኖቹ አለቃ ማቲው ዱበርግ ነበር። ሱዛና ሲበር ተነሥታ ያን የሕማም ዜማ በዘመረች ጊዜ፣ የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ባለ ሥልጣን የነበሩት ዶክተር ፓትሪክ ዴላኒ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ስለዚህ መዝሙር ኃጢአቷ ሁሉ እንዲሰረይላት ጮኸው ተናገሩ ይባላል። ካህኑ ይህን ያሉት ከተማው ሁሉ ነውሯን በሚያውቅባት ሴት ላይ ነው።

ከትርኢቱ 400 ፓውንድ ያህል ተሰበሰበ። ሃንደልና ዋናዎቹ ባለሙያዎች የድካማቸውን ዋጋ አልተቀበሉም። ሦስቱም የበጎ አድራጎት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ወደ 127 ፓውንድ ደረሳቸው፤ በዚህም ገንዘብ 142 የዕዳ እስረኞች ከወህኒ ወጡ። ጁን 3 ቀን ድርሰቱ ሁለተኛ ተሰማ፤ ሙቀቱ ብርቱ ስለ ነበርም ለአየር መግቢያ የመስኮቶቹ የላይ መስተዋት እንዲወጣ ተደረገ። ኦገስት 13 ቀን ሃንደል ወደ እንግሊዝ አገር ተመለሰ፤ ደብሊንንም ዳግመኛ አላያትም።

በ1743 ዓ.ም. ሎንዶን «መሲሕ»ን በብርድ ተቀበለችው፤ ቅዱስ ቃል በቲያትር ቤት መዘመሩን የነቀፉ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ከ1750 ዓ.ም. ጀምሮ ሃንደል ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ገንዘብ እንዲሰበሰብበት በየዓመቱ አሰማው፤ የሕዝቡም ልብ ወደ ድርሰቱ ተመለሰ። ሊቁ በመጨረሻ ዘመኑ ዓይኑ ታወረ፤ ቢሆንም ትርኢቱን አላቋረጠም። ኤፕሪል 14 ቀን 1759 ዓ.ም. በሞተ ጊዜም የድርሰቱን አንድ ቅጂ ለዚያ የሕፃናት ቤት በኑዛዜ ትቶ ተገኘ።

ዛሬ «መሲሕ» ከፋሲካ ይልቅ በገና ሰሞን በብዙ አገር ይሰማል፤ ብዙ የሙዚቃ ባለሙያዎችም በበዓላቸው ቀን ይህን ድርሰት ይዘው ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራሉ። በማዕድ ላይ ያለ ቦታቸው ባዶ ሆኖ ሲቀር የሚያዝኑ ካሉ የመጀመሪያውን ጉዞ ያስቡ። ቤተ ሰብ ያልነበረው መንገደኛ፣ ካህን የከለከላቸው መዘምራን፣ ሰው የናቃት ሴት፣ ሰይፋቸውን በቤት የተዉ መኳንንት በአንድ ቀን በአንድ አዳራሽ ተገናኙ፤ ከዚያም የተነሣ 142 ሰዎች ከወህኒ ወጥተው ወደ ቤታቸው ገቡ።