ትምህርትና እንጀራ በኬረላ አገር

ከጠላት ወረራ በኋላ በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ገብተው የተማሩ ሰዎች፥ ሸምግለው በተሰበሰቡበት ቦታ የልጅነታቸውን ነገር ሲጨዋወቱ የህንዱን መምህር ሳያነሡ አያልፉም። ሒሳቡን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጥሩ እጅ ጽሕፈት እየጻፈ ያስረዳ ነበር፤ ሲጠየቅም ራሱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ወዝወዝ ሲያደርግ «እሺ ማለቱ ነውን ወይስ እንቢ ማለቱ?» እያሉ ተማሪዎቹ ይከራከሩ ነበር። ከነዚህ መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ኬረላ ከሚባለው የህንድ ክፍል ነበረ፤ ከመካከላቸውም በሃይማኖት ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እኅት የሆነችው የማላንካራ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ይገኙባቸው ነበር።

ነገር ግን ተማሪዎቹ ያን ጊዜ ያልጠየቁት አንድ ጥያቄ አለ። ይህ ሰው ባሕር ተሻግሮ ወደ ሰው አገር የመጣው ስለ ምንድር ነው? አገሩ መምህር አያስፈልገውም ኖሯልን? እህል የሚተርፈው አገር አለ፤ ጨው የሚተርፈው አገር አለ፤ መምህር የሚተርፈው አገር ግን እንዴት ያለ አገር ይሆን? የዚህ ጥያቄ መልስ የኬረላን ልማትም ጕድለትም አንድ ላይ ይዟልና፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ መመልከት ይገባል። (ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ኬረላ በህንድ ደቡብ ምዕራብ፥ በባሕርና በተራራ መካከል እንደ መቀነት የተዘረጋ ጠባብ አገር ነው። ስፋቱ 39,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ሃያ ስምንት ጊዜ ቢደመር ኢትዮጵያን ያህላል፤ በ2011 በተደረገው ቈጠራ ግን የሕዝቡ ቍጥር ከ33 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ቀድሞ በመሳፍንት ይገዙ የነበሩት ትራቫንኮርና ኮቺን፥ እንግሊዞች በቀጥታ ይገዙት ከነበረው ከማላባር ጋራ ተዋሕደው፥ ኖቬምበር 1 ቀን 1956 ማላያላም የሚናገረው ሕዝብ አንድ የክፍለ ሀገር መንግሥት አቆመ። በህንድ ሥርዓት እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱ ምክር ቤትና ሚኒስትሮች አሉት፤ የትምህርት፥ የጤናና የመሬት ነገርም አብዛኛው በርሱ እጅ ነው። የአገሩ ቁንዶ በርበሬ ከጥንት ጀምሮ ስሙ የታወቀ ቢሆንም፥ ሕዝቡ ሀብታም አልነበረም፤ ለብዙ ዓመታት የአንድ ሰው ገቢ ከመላው ህንድ አማካይ በታች ነበረ።

የትምህርቱን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ከ1817 ይጀምራሉ። በዚያ ዓመት ትራቫንኮርን በሞግዚትነት ያስተዳድሩ የነበሩት ንግሥት ጎውሪ ፓርቫቲ ባዪ፥ ለሕዝቡ ትምህርት የሚያስፈልገው ወጪ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይከፈል ብለው ትእዛዝ አወጡ። ትእዛዙ መልካም ነበር። ነገር ግን «ሕዝብ» የሚለው ቃል ሰምና ወርቅ ነበረው፤ ሰሙ ሁሉን ይጠራል፥ ወርቁ ግን ጥቂቱን ብቻ ያስገባል። በሩዝ እርሻ እስከ ጕልበታቸው ጭቃ ገብተው የሚሠሩት ፑላያ የሚባሉት ወገኖች፥ እንኳን ትምህርት ቤት ሊገቡ በአደባባይ መንገድ መሄድ እንኳ አይፈቀድላቸውም ነበር። ከትልቅ ዘር ተወለድሁ ከሚለው ሰው ምን ያህል ርቀው እንዲቆሙ በርምጃ ተቈጥሮ ተወስኖባቸው ነበር።

ከነዚህ ወገኖች አያንካሊ የሚባሉ ሰው ተነሡ። እርሳቸው ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር። በ1893 በበሬ የሚሳብ ሠረገላ ይዘው፥ የተከለከለውን ንጹሕ ልብስ ለብሰውና ራሳቸውን ጠምጥመው፥ በተከለከለው መንገድ ላይ ነዱት። ኋላም የወገኖቻቸው ልጆች ትምህርት ቤት ይግቡ ብለው ጠየቁ፤ መንግሥት ቢፈቅድም የየመንደሩ ጌቶች ከለከሉ። በ1910 ገደማ ፓንቻሚ የምትባለውን ትንሽ ልጅ ወደ ኡሩታምባላም ትምህርት ቤት ቢያገቧት፥ ትምህርት ቤቱ በእሳት ተቃጠለ፤ ከእሳቱ የተረፈ አግዳሚ ወንበር ለመታሰቢያ ተጠብቆ ቈይቷል። በዚያው ዘመን አያንካሊ የእርሻ ሠራተኞቹን አስተባብረው፥ ልጆቻችን ፊደል ካልቈጠሩ እጃችን ሩዝ አይተክልም አሰኟቸው፤ እርሻውም ጦሙን አደረ፥ አረምም ዋጠው። ሠራተኞች ስለ ደመወዝ ሥራ ያቆሙበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ራሱ ያልተማረ ሰው ስለ ልጆች ትምህርት ሥራ ያስቆመበት ጊዜ ግን በታሪክ ብዙ አይገኝም። የኬረላን ልማት ከንግሥቲቱ ትእዛዝ ይልቅ ከዚህ እርሻ ቢጀምሩት የሚሻል ይመስላል።

አብያተ ክርስቲያናትም በበኩላቸው ብዙ ደክመዋል። በማላያላም ቋንቋ ትምህርት ቤት «ፓሊኩዳም» ይባላል፤ «ፓሊ» ማለት ቤተ ጸሎት ነውና፥ ትምህርት ከቤተ ጸሎት ጥግ እንደ ተወለደ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። ነገር ግን ለቤተ ክርስቲያን ሰው መስማቱ ደስ ባያሰኝም ያልተሸሸገው ይነገር። በ1957 በምርጫ ሥልጣን የያዘው፥ በናምቡዲሪፓድ የሚመራው የኮሙኒስት መንግሥት፥ የግል ትምህርት ቤት መምህራን እንደ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይባረሩና ደመወዛቸውን ከመንግሥት እንዲቀበሉ የሚያደርግ ሕግ ባወጣ ጊዜ፥ የትምህርት ቤቶቹ ባለቤቶች የነበሩት አብያተ ክርስቲያናትና ናየር የሚባሉት ወገኖች ማኅበር ሕዝቡን ወደ አደባባይ አወጡ። የመንግሥቱን አምላክ የለሽነት መፍራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሆኖም ለድኻው ልጅ ደጁን የከፈቱት ሰዎች በዚያን ጊዜ ቍልፉን ሲጠብቁ ታይተዋል። በጁላይ 1959 የህንድ ማዕከላዊ መንግሥት የክፍለ ሀገሩን መንግሥት ሻረው። መንግሥቱ ቢሻርም የመምህሩ ደመወዝ ከመንግሥት መከፈሉ አልቀረም፤ ከዚያም ወዲህ ግራውና ቀኙ በምርጫ እየተፈራረቁ ሲገዙ፥ አንዱ የሠራውን ትምህርት ቤት ሌላው ለመዝጋት አልደፈረም፤ ሕዝቡ አይተውለትምና።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 የጸናው የመሬት ሕግ ጭሰኝነትን አጠፋ። በሌላ ሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ ይኖር የነበረው የቀን ሠራተኛም፥ በገጠር እስከ 400 ካሬ ሜትር የሚደርስ የጎጆውን ዙሪያ በጥቂት ዋጋ ገዝቶ የራሱ እንዲያደርግ መብት አገኘ። ይህ ስፍራ ለእርሻ አይበቃም፤ ሁለት የኮኮናት ዛፍና አንዲት ፍየል ይይዛል። ነገር ግን በማግሥቱ «ከመሬቴ ውጣልኝ» የሚለው ስለሌለ፥ ሠራተኛው ስለ ደመወዙ ቀና ብሎ መናገር ቻለ። በ1972 አንድ መቶ ሺህ ቤት ለድኻ እንሥራ ተብሎ ሲጀመር ብዙዎቹ ቤቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ነበሩ፤ የአንዱ ልጅ ሲያለቅስ የሌላው አይተኛም። ከ2016 ወዲህ በተያዘው ሥራ ደግሞ፥ ለየቤተሰቡ ለብቻው የሚሆን ከ400,000 በላይ ቤት እስከ 2025 ተሠርቷል።

በ1989 ደግሞ በኤርናኩለም አውራጃ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ በፈቃዳቸው የሚያስተምሩ ወጣቶች፥ ማንበብ የማይችሉትን ሰዎች በየቤታቸው እየፈለጉ፥ በዛፍ ጥላ፥ በዓሣ አጥማጆች ሰፈርና በጎተራ ደጅ ማስተማር ጀመሩ። እዚያም ያልታሰበ መሰናክል ተገኘ፤ ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ፊደሉ አልገባቸው ብሎ ሳይሆን አልታይ ብሏቸው ነበር። ስለዚህ ያረጀ መነጽር ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰጥ ጥሪ ተደረገ፤ በብዙ ሺህም ተሰበሰበ። የአንዱ ሟች አባት መነጽር በሌላይቱ አሮጊት ዓይን ላይ ተቀምጦ ፊደል አስቈጠረ። ሥራው ወደ መላው ክፍለ ሀገር ሰፍቶ፥ ኤፕሪል 18 ቀን 1991 በኮዢኮድ ከተማ ኬረላ ማንበብና መጻፍ የተዳረሰባት አገር ሆናለች ተብሎ ሲታወጅ፥ ዐዋጁን ያነበቡት ሚኒስትሩ አልነበሩም፤ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ፊደል የቈጠሩት ቸላኮደን አይሻ የተባሉ እስላም ሴት ነበሩ።

የንባቡ ፍሬ በጤና ላይ ይታያል። በ2020 በመላው ህንድ በሕይወት ከተወለዱ አንድ ሺህ ሕፃናት 28ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ሲሞቱ፥ በኬረላ የሞቱት 6 ነበሩ። ሐኪሙ ብቻውን ይህን አላደረገም። የተማረች እናት ውሃ ታፈላለች፥ የክትባቱን ቀን በወረቀቷ ታነባለች፤ ሐኪሙ ከጤና ጣቢያው ጥቂት ቀን ቢጠፋም መንደሩ ተሰብስቦ ወደ ገዢው ቢሮ ይሄዳል። ከ1993 ጀምሮ ደግሞ በኮዢኮድ ጥቂት ሐኪሞች፥ መዳን የማይቻላቸውን ሕመምተኞች ከሥቃይ ማሳረፍን ሥራቸው አደረጉ፤ ጎረቤቶችም ቍስል ማጠብና አልጋ ላይ የወደቀውን መገልበጥ ተምረው በየቤቱ ይሄዱ ጀመር፤ በ2008 መንግሥቱ ይህን የክፍለ ሀገሩ ሥርዓት አደረገው። ከቀረው ሥራ ሁሉ ለወንጌል የሚቀርበው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ህንዱ መምህር እንመለስ። ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል፥ ሕፃኑ አልሞተም፥ ቤቱም ቆሟል፤ ሥራው ግን የት አለ? ኬረላ የኮኮናት ገመድ የሚፈተልባቸውና የካሹ ፍሬ የሚፈለፈልባቸው ቤቶች ነበሯት እንጂ፥ የተማረውን ሁሉ የሚቀበል ፋብሪካ አልነበራትም። ሠራተኛው መብቱን ያውቅ ስለ ነበር፥ ባለገንዘቡ ርካሽ ጕልበት ወደሚያገኝበት ወደ ሌላው ክፍለ ሀገር ይሸሽ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ሠራተኞቹ ራሳቸው መላ መትተዋል፤ በካኑር አካባቢ፥ በቅጠል የሚጠቀለለውን ቢዲ የሚባለውን ትንባሆ የሚያሠሩት ባለፋብሪካዎች በ1960ዎቹ መጨረሻ ጥለው ሲሄዱ፥ ሠራተኞቹ በ1969 የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቆሙ። በነዚህ ቤቶች ከሠራተኞቹ አንዱ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብላቸው፥ የቀሩትም እየጠቀለሉ ይሰሙና ይከራከሩ ነበር። ነገር ግን አንድ ማኅበር አገር አይመግብም። ዲፕሎማ የያዘው ወጣት በሥራ ፈላጊዎች መዝገብ ስሙን አስጽፎ ዓመታት ይጠብቅ ነበር፤ መጠበቁ ሲሰለቸው ይሄዳል። አንዱ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤት፥ አንዱም ወደ ሌላው አፍሪቃ ሄደ፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ እጅግ የሚበዛው ወደ ዐረብ አገሮች ሄደ። በ1998 በተደረገው ጥናት ከኬረላ ወጥተው በውጭ አገር የሚኖሩት 1.36 ሚሊዮን፥ በ2018 ደግሞ 2.1 ሚሊዮን ሆነው ተገምተዋል።

በዚያም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የኬረላና የኢትዮጵያ ልጆች ይገናኛሉ። ከኬረላ የሄዱት ሁሉ በቢሮ አልተቀመጡም፤ ብዙዎቹ በፀሐይ ድንጋይ ተሸክመዋል። ቢሆንም የነርስነት ምስክር ወረቀቷን ይዛ የምትሄደው የኬረላ ሴት ደመወዟ በውል የተጻፈ ነው፤ ያለ ምስክር ወረቀት ለቤት ሥራ የምትሄደው ኢትዮጵያዊት ግን ስንት ጊዜ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ ሣጥን ተቈልፎባት ኖራለች! ሁለቱንም ከአገራቸው ያስወጣቸው እንጀራ ነው፤ መንገዱን የለያየው ትምህርት ነው። እናቶቹ ግን ሁለቱም በስልክ ይናፍቃሉ። በ2011 ቈጠራ በኬረላ ሰው የማይኖርበት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቤት ተገኝቷል፤ ብዙው ከውጭ በመጣ ገንዘብ የተሠራ፥ ባለቤቱ በዕረፍቱ ወራት መጥቶ የሚከፍተው ነው።

ኖቬምበር 1 ቀን 2025 የክፍለ ሀገሩ መንግሥት በ2021 የመዘገባቸው 64,006 ቤተሰቦች ከመጨረሻው ድኽነት ወጥተዋል ብሎ ዐወጀ። ስለ አቈጣጠሩ የተከራከሩ ሊቃውንት አልጠፉም፤ በ2013 የተራራው ሕዝብ በሚኖርበት በአታፓዲ ስንት ሕፃናት በምግብ እጦት እንደ ሞቱ የሚያስታውስ ሰውም ዐዋጁን ሲሰማ ጥቂት ዝም ማለቱ አይቀርም።

ልጆቹ ትተውት የሄዱትን ሥራ አሁን የሚሠሩት ከቤንጋልና ከአሳም፥ ከኦዲሻም የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ከነርሱ እጅግ ብዙው የሚገኘው በዚያው በኤርናኩለም አውራጃ፥ የጣውላ ፋብሪካዎች ባሉባት በፔሩምባቩር ነው። በ2017 የክፍለ ሀገሩ የመሠረተ ትምህርት ድርጅት ለነዚህ እንግዶች ማላያላም የሚያስተምር መጽሐፍ አዘጋጅቶ በዚያች ከተማ ማስተማር ጀመረ፤ መጽሐፉም በሂንዲ ቋንቋ «የኛ ማላያላም» ተባለ። የጣውላው ብናኝ ከጠጕሩ ያልረገፈለት ሠራተኛ፥ ሥራውን ፈትቶ ደብተሩን ይዞ ይቀመጣል፤ መምህሩም ክቡን ፊደል በሰሌዳው ላይ ቀስ ብሎ ይጽፍለታል። ትምህርቱ ጥቂት ከገፋ በኋላ አውቶቡሱ ሲመጣ ሰው ሳይጠይቅ በግንባሩ የተጻፈውን አንብቦ ይሳፈራል።