ለክፉ ቀን ያልናቸው ሹራቦች

ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እንደ ብዙው ሰው እኛም ቤታችንን ለማጽዳት ተነሣን። በመምህር ደመወዝ የምንተዳደር ቤተሰብ ነን፤ ከሦስት ልጆቻችን ጋር የምንኖረውም በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነው። ቤቱ ጠበበን እያልን ስናማርር ዓመታት አልፈዋል። «አላህ ሰፊ ቤት ይስጠን» የሚለው ዱዓ ከአፋችን ተለይቶ አያውቅም። ቤቱን ያጠበብነው እኛው ራሳችን መሆናችንን የተረዳነው ግን በዚያ ቅዳሜ ነበር።

ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አንድ ትልቅ ሻንጣ አወረድን። በውስጡ ከ4 ዓመት በፊት «ለክፉ ቀን ይሆናል» ብለን ያስቀመጥናቸው፣ ልጆቻችንን የጠበቧቸው ልብሶች ነበሩ። ከእነዚህም 7ቱ የሱፍ ሹራቦች ናቸው። የመጀመሪያውን ስናነሣው በእጃችን ላይ ተበጣጠሰ። ብል በልቶታል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ ሌሎቹም እንዲሁ። ትንሿ ልጃችን «አባዬ፣ እነዚህን ማን ቀደዳቸው?» ብላ ጠየቀች። መልስ አጣን።

መልስ ያሳጣን ብሉ አልነበረም። ሻንጣውን በቆለፍንበት ዓመት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ በምናስተምርበት 2ኛ ክፍል አንድ ልጅ በስስ ሸሚዝ እየተንቀጠቀጠ ይማር ነበር። ጠዋት ጠዋት ጣቶቹ ደንዝዘው እርሳስ መያዝ ሲያቅተው በዓይናችን አይተናል። አዝነንለታል፤ ዱዓም አድርገንለታል። በመድረሳ ስለ ሰደቃ ስናስተምር እንኳ በሐሳባችን መጥቷል። ልኩ የሆነው ሹራብ ግን በቤታችን ጣሪያ ሥር ተቆልፎበት የብል ሲሳይ ይሆን ነበር።

አቡ ጠልሐ (ረ.ዐ.) የተባሉት ሰሓባ፣ የሱረቱ ኣሊ ዒምራን 92ኛው አንቀጽ ከሚወዱት ነገር መለገስን ሲያስተምር በሰሙ ጊዜ፣ ከሀብታቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱትን በይሩሓ የተባለውን የመዲና የአትክልት ስፍራ ለአላህ ብለው ሰጡ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ለቅርብ ዘመዶቻቸው እንዲያደርጉት መከሯቸው። እርሳቸው የሚወዱትን ሰጡ፤ እኛ ግን የማንፈልገውን እንኳ ነፈግን።

ከሻንጣው ቀጥሎ ተራው የስልካችን ሆነ። በቴሌግራምና በዋትስአፕ 31 ግሩፖች ውስጥ ገብተን ኖሯል። ወሬው፣ ቪዲዮው፣ ማስታወቂያው ተከምሯል። ከክምሩ ሥር ከገጠር የተላከ የአክስታችን የድምፅ መልእክት ተገኘ። «ልጆቼ፣ ድምፃችሁ ጠፋብኝ፤ ደህና ናችሁ ወይ?» ይላል። ከተላከ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የማናውቀውን ሰው ንትርክ እስከ እኩለ ሌሊት ስናነብ፣ ዝምድና መቀጠል ግዴታ የሆነብን አክስታችን ደጅ ጠንተዋል ማለት ነው። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አሉና ወዲያው ደወልን። ከዚያም 24ቱን ግሩፖች ተሰናበትን።

ልብስና ስልክ ሲቃለል ልብም ይቃለላል። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው የዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ያለው ልብስ ለብሰው ሰገዱ። ጥለቱ በሶላታቸው ሐሳባቸውን ስለሳበው ልብሱን ወደ አቡ ጀህም መልሰው፣ በምትኩ ጥለት የሌለውን የእርሱን ልብስ እንዲያመጡላቸው አዘዙ። የልብስ ጥለት ይህን ያህል ካስጠነቀቀ፣ በኪሳችን እየተንቀጠቀጠ አብሮን ሩኩዕ የሚወርደው ስልክ ምን ሊባል ነው? አሁን በቤታችን አዛን ሲሰማ ስልኮች ሁሉ በቡፌው መሳቢያ ይገባሉ፤ ሶላት እስኪያበቃ አይወጡም።

ከብል የተረፉትን ልብሶች አጥበንና ተኩሰን ረመዳን ሳይገባ ለሚሹት አደረስን። ደግሞም ዓመት ሙሉ ያልተለበሰ ነገር በየሸዕባኑ ከቤታችን እንዲወጣ ተስማማን። ቤቱ ያው ሁለት ክፍል ነው፤ ልጆቻችን ግን ዛሬ መስገጃቸውን ጎን ለጎን የሚያነጥፉበት ቦታ አግኝተዋል።

ያ ተማሪ አሁን 6ኛ ክፍል ደርሷል። ዛሬ የምንሰጠው ልብስ ያን የታኅሣሥ ብርድ ሊያስቀርለት አይችልም። ውድ አንባብያን፣ የእናንተስ ሻንጣ ከወረደ ስንት ጊዜ ሆነው? ለክፉ ቀን ብላችሁ የቆለፋችሁት ለሌላው ክፉ ቀኑ ዛሬ ሊሆን ይችላልና፣ ብል ሳይቀድማችሁ ክፈቱት። አላህ በሰጠን ነገር የምንጠቀምና የምንጠቅም ያድርገን። ኣሚን።