ዳጉና መድረክ

የባቲ ገበያ ሰኞ ይቆማል። የአፋሩ አርብቶ አደር ግመሉንና ጨዉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፤ የደጋው አራሽ እህሉን ጭኖ ይወርዳል፤ የአካባቢው ኦሮሞም ከሁለቱ ጋር በየቋንቋቸው ይገበያያል። በዚያ ገበያ ከሸቀጡ ጋር ሌላም ነገር እጅ ይለዋወጣል፤ ወሬ። አፋሮች ለዚህ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ ዳጉ ይሉታል። መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ቁጭ ይሉና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ገበያው ዋጋ፣ ስለ አገሩ ሰላም ይጠያየቃሉ። በዓይን የታየው ከተሰማው ይለያል፤ የነገሩ ምንጭ ይመረመራል። የጠየቀም በተራው ይጠየቃል። ሰምቶ ዝም ማለት ነውር ነው።

ስለ አገር ኑሮና አስተዳደር የሚጻፍ የጥናት መጽሔትም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም። ይጠይቃል፤ ያጣራል፤ ይናገራል። ፈተናው ያለው ከመጨረሻው ላይ ነው። ለማን ይናገራል?

ስለ ሀብትና ስለ መንግሥት አስተዳደር በአማርኛ መጻፍ እንግዳ ነገር አልነበረም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፉ፣ የሀብትንና የንግድን ነገር በራሱ ሕዝብ ቋንቋ መርምሯል። ከፍተኛ ትምህርት ከተስፋፋ በኋላ ግን ጥናቱ በአብዛኛው ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ።

ለወሎ ሰው ይህ ተራ የቋንቋ ጉዳይ አልነበረም። ከከሚሴ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን በሚዘልቀው ጎዳና አምባሰል ይገኛል። ደሳለኝ ራህማቶ ወሎን የፈጀውን የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ያጠናው በዚያው በአምባሰል ገበሬዎች መካከል ነበር። ገበሬው እጁን አጣጥፎ ሞቱን የሚጠብቅ ተመጽዋች አለመሆኑን፣ ምግቡን እየቀነሰ፣ ከብቱን እየሸጠ፣ ከወገኑ ጋር እየተደጋገፈ ክፉውን ቀን ለመሻገር በራሱ ዘዴ የሚታገል መሆኑን ጥናቱ አስረዳ። መጽሐፉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ወጣ፤ በእንግሊዝኛ። ዘዴውን የፈጠረው ገበሬ ስለ ዘዴው የተጻፈውን ማንበብ አልቻለም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሏል ይህ ነው።

ይኸው ተመራማሪ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት የማኅበራዊ ጥናት መድረክ የመክፈቻ ዐውደ ጥናቱን መስከረም 8 ቀን 1991 ዓ.ም. ሲያካሂድ የመረጠው ርእስ የገጠር ልማት ነበር። በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት፣ በ1998፣ ድርጅቱ በየሦስት ወሩ የምትወጣ መጽሔት ጀመረ፤ ስሟም «መድረክ» ተባለ። ጉዳይዋ ልማትና የሕዝብ ፖሊሲ ነበር፤ የምትታተመውም በእንግሊዝኛና በአማርኛ። ገጿ ጥቂት፣ መልኳም ትሑት ቢሆን፣ በአማርኛ መውጣቷ ብቻውን ትልቅ ነገር ነበር፤ የተጠየቀው ሰው መልስ እንዲሰማ በሩ በጥቂቱ ተከፍቷልና። በ2000 ደግሞ ድርጅቱ በአክሊሉ ኪዳኑና በደሳለኝ ራህማቶ የተዘጋጀ፣ ርእሱ ድሆችን ማዳመጥ የሚል ጥናት አሳተመ። ርእሱ የዳጉን ግማሽ ይናገራል። ሌላው ግማሽ መልሶ መንገር ነው።

ከሚሴ ላይ አንድ መምህር እንዲህ ያለ የቆየ የአማርኛ ጽሑፍ ይዞ ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጧል። ጎረቤቱ ሽማግሌ፣ ጨፋ ሜዳ ላይ ዕድሜያቸውን ያረሱ ሰው፣ ምን እንደሚያነብ በኦሮምኛ ጠየቁት። ስለ ገበሬው ኑሮ መሆኑን ነገራቸው።

«ልጄ፣ ከዓመታት በፊት ሰዎች መጥተው መሬታችሁ ስንት ጥማድ ነው፣ በክፉው ቀን ምን በላችሁ እያሉ ጠይቀውን ነበር። የነገርናቸውን ጽፈው ሄዱ። ምን አሉ?»

«ጽፈውት ይሆናል፣ አባባ።»

«ለማን?»

መምህሩ መልስ አጣ። ጥቂት ቆይቶ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ፤ አንዱን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ እያነበበ፣ መልሶ በኦሮምኛ ይነግራቸው ጀመር። አንዳንዱ ቃል አቻ አልተገኘለትም። ሽማግሌው ግን አቋርጠው፣ «እሱስ እኛ እንዲህ ነው የምንለው» እያሉ ያቃኑት ነበር። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ይኸ ስሕተት ነው፤ ያየው ሰው አልነገራቸውም» አሉ።

እነሆ በዚያ ደጃፍ ጽሑፉ ተመረመረ፤ ታረመ። በብሔረሰብ ዞኑ ሕፃናት በኦሮምኛ ይማራሉ፤ ችሎቱም በኦሮምኛ ይሰማል። እንግዲያስ ስለ መሬቱና ስለ ገበያው የሚጻፈው ቃል በዚያው ቋንቋ ወደ ባለቤቱ የማይመለስበት ምን ምክንያት አለ? ይህ የተመራማሪው ዕዳ ብቻ አይደለም። መምህሩ በሰሌዳው፣ ካድሬው በስብሰባው፣ ባለ ቅኔውና ተዋናዩም በመድረኩ የሚካፈሉት ነው። ሰኞ በመጣ ቁጥር ባቲ ላይ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ይህን ሥራ ሳይታክቱ ይሠራሉ፤ የጠየቁትን ያጣራሉ፤ ያጣሩትን ለጠየቁት ሰው ይመልሳሉ።