የመድፈኞቹ የትውልድ መንደር

የእንግሊዝ ጨዋታ በሚታይበት ቀን በየመዝናኛ ክበባችን «መድፈኞቹ» የሚለው ስም ሲጠራ እንሰማለን። ስሙ ከየት እንደ መጣ ጠይቀን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። አርሰናል ማለት የጦር መሣሪያ የሚሠራበትና የሚከማችበት ስፍራ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጉዟችን ወደ ለንደን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከቴምስ ወንዝ በስተደቡብ ወዳለችው ወደ ዎሊች እንዘልቃለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወንዙን የምታሻግረው ጀልባ እግረኛውንም ባለመኪናውንም ያለ ዋጋ ታደርሳለች። ከዳርቻው አለፍ ሲሉ መድፍና ጥይት ይሠራበት የነበረው ሰፊ ግቢ ይገኛል። ፋብሪካው በ1967 ሥራውን አቁሟል፤ የጡብ ሕንጻዎቹም ዛሬ በአብዛኛው መኖሪያ ቤቶች ናቸው። እኛ የምንፈልገው ግን አንዱን አሮጌ ደጃፍ ነው። ከላዩ የፀሐይ ሰዓት ተሰክቶበታል፤ የሠራተኞቹ ክፍልም «ዳያል ስኩዌር» የተባለው በዚሁ ሰዓት ምክንያት ነው።

በ1886 ዴቪድ ዳንስኪን የተባለ ስኮትላንዳዊና የሥራ ባልደረቦቹ ከኪሳቸው ሳንቲም አዋጥተው አንዲት ኳስ ገዙ። በታኅሣሥ 11 ቀን ወንዙን ተሻግረው ባደረጉት የመጀመሪያ ግጥሚያ 6 ለ 0 አሸነፉ። መለያ ልብስ እንኳ አልነበራቸውም። ከመካከላቸው ቀድሞ በኖቲንግሃም ፎረስት የተጫወቱ ስለ ነበሩ፣ ለዚያ ቡድን ጽፈው ቀይ ልብስ በስጦታ ተላከላቸው። ዛሬ በዓለም የታወቀው የአርሰናል ቀይ እንግዲህ በልመና የተገኘ ነው።

ቡድኑ በ1893 ወደ እንግሊዝ ሊግ ሲገባ ከደቡብ እንግሊዝ የመጀመሪያው ሆነ። ነገር ግን የወለደው ፋብሪካ መልሶ ጎዳው። በ1899 በደቡብ አፍሪካ ከቦወሮች ጋር ጦርነት ሲነሣ የመሣሪያው ሥራ በዛ፤ ሠራተኛውም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳይቀር ይሠራ ጀመር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጨዋታ ሰዓት ነው። ተመልካቹ አነሰ፣ ገቢው ተመናመነ። ግዳጅ የዕረፍት ቀንን ሲወስድ ቤት እንዴት ጭር እንደሚል የሚያውቁ እመቤቶች ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዱታል።

በ1910 ቡድኑ ከመፍረስ አፋፍ ላይ ሳለ ሄንሪ ኖሪስ የተባለ ቤት ሠሪ ነጋዴ ያዘው። በ1913ም ከወንዙ ማዶ ወደ ሰሜን ለንደን፣ ወደ ሃይበሪ አዛወረው። በአዲሱ ሠፈር ያሉት ነዋሪዎችና ጎረቤቱ ቶተንሃም ተቃወሙ። የዎሊች ሰው ግን የገዛ ልጁን አጣ። ነጋዴው ያለ ተመልካች ቡድን አይኖርም ቢል ሐሰት አልነበረም፤ ሆኖም ሳንቲም ካዋጡት ሠራተኞች ፈቃድ የጠየቀ የለም፤ በእኛ አስተያየት ይህ በደል ነው።

ሃይበሪ ሲከፈት ገና ያላለቀ ሜዳ ነበር። በመጀመሪያው ግጥሚያ የተጎዳ ተጫዋች በወተት ሻጭ ጋሪ ተጭኖ እንደ ሄደ ይተረካል። በ1925 ኸርበርት ቻፕማን አሠልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ፤ ከ1931 እስከ 1938 ቡድኑ አምስት ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ሆነ። የምድር ባቡር ጣቢያው ስም በ1932 ወደ አርሰናል እንዲለወጥ ያደረገውም እርሱ ነው።

ጦርነትና ይህ ቡድን እንደገና ተገናኙ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቶተንሃም ሜዳ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ማምረቻ ሲሆን አርሰናል ባላንጣውን በሃይበሪ አስጠጋ። በሁለተኛው ተራው ተገለበጠ፤ ሃይበሪ የአየር ጥቃት መከላከያ ማዕከል ሆኖ በቦምብ ሲመታ ቶተንሃም ውለታውን መለሰ። ከአርሰናል ተጫዋቾች አብዛኞቹ ዘምተው ዘጠኙ ሳይመለሱ ቀሩ።

በ2003–04 ቡድኑ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ ማንሣቱን ወጣቶቻችን በቃላቸው ያውቁታልና አንደግመውም። ባለቤቶቻቸው ግን ሌላ የሚያወሱት አለ፤ በ1987 የተመሠረተው የአርሰናል የሴቶች ቡድን በ2007 የአውሮፓን ዋንጫ አንሥቷል፤ በ2025ም በሊዝበን ባርሴሎናን 1 ለ 0 ረትቶ ደገመው።

ወደ ሃይበሪ ብንሄድ ዛሬ ጨዋታ አናገኝም። ቡድኑ በ2006 ስልሳ ሺህ ያህል ሰው ወደሚይዝ ቅርብ ስታዲየም ተዛውሯል። የጥንቱ ጥላ ፎቅ ፊት ለፊቱ እንደ ቆመ መኖሪያ ቤት ሆኗል፤ ሜዳው የነዋሪዎች የአትክልት ቦታ ነው። ከምድር ባቡሩ ስንወርድ በጣቢያው ግድግዳ ላይ፣ በሸክላው ንጣፍ፣ «ጊለስፒ ሮድ» የሚለው የቀድሞ ስም እስከ ዛሬ ይነበባል።