ካርድ በቃሊቲ

ባሕር ዳር ተወልጄ ላደግሁት ለእኔ ቃሊቲ እንግዳ አገር ነው። የሀዋሳ አውቶቡስ የሚነሣበት መናኸሪያ፣ ጉምሩኩ፣ ከመሀል ከተማ የሚወርደው ባቡር የሚያበቃበት ጣቢያ፣ በተሳቢ የተጨናነቀው መንገድ፣ ሁሉም አላፊ አግዳሚን የሚሸኙ ናቸው። በሰኔ መጨረሻ እህቴን ልጠይቅ መጥቼ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ግን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ካርድ።

ጉምሩክ አጠገብ ካለ ሱቅ አንድ የከባድ መኪና ረዳት "ካርድ አለ?" ብሎ ጠየቀ። ባለሱቁ "የሚፋቀው አልቋል፣ በቴሌብር ልላክልህ" አለው። ልጁ ቁጥሩን ተናገረ፣ ብሩን ሰጠ፣ ሄደ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሳንቲም ፍቆ፣ *805* ብሎ ቁጥር መሙላት እየቀረ ነው። ወረቀቱ ቢቀርም ሰው ሁሉ ዛሬም "ካርድ አለቀብኝ" ነው የሚለው።

የእህቴን ትንሽ ልጅ ይዤ ጤና ጣቢያ ስሄድ ካርድ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። እዚያ ካርድ የሰው ሕመም ሁሉ የተጻፈበት ማኅደር ነው፤ ካርድ ክፍል ይቀመጣል እንጂ ለበሽተኛ አይሰጥም። በሽተኛው እጅ የምትገባው ቁጥሩ ያለባት ብጣሽ ወረቀት ናት። ከፊቴ የተሰለፉ እናት ያችን ብጣሽ ከመቀነታቸው ፈትተው አወጡ። እጥፋቷ ላይ ቀለሙ ለቆ የመጨረሻው አኃዝ አልነበብ ብሏል።

"እማማ፣ መጨረሻ የመጡት መቼ ነበር?"

"ለጥምቀት ሰሞን፣ ልጄ።"

ሠራተኛዋ ከመደርደሪያው አንድ በአንድ እያወጣች ስም ታነባለች። ካልተገኘ አዲስ ይወጣል፤ የእኚህ እናት የስንት ጊዜ የግፊት ልክ ግን ከአሮጌው ጋር ይቀራል። አሥረኛው ላይ ይሁን አሥራ አንደኛው አገኘችውና እኔም አብሬ ተነፈስኩ። አንድ ሰው በዚህች ብጣሽ ላይ ይህን ያህል መንጠልጠል የለበትም።

"ካርድ አወጣህ?" የሚለው ጥያቄ ራሱ በ2013 ዓ.ም. ከስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ በፊት ለመራጭነት ተመዘገብህ ወይ ማለት ነበር።

የሚገርመኝ የተውነው ትርጉም ነው። እንግሊዞች ቃሉን ከፈረንሳይኛ ወስደው በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የጠሩበት የመጫወቻውን ነበር። እኛ ያንን ካርታ አልነው። ካርታ ጣሊያኖች ወረቀትን የሚጠሩበት ቃል ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ የአገር መልክዐ ምድርም የቤት ይዞታ ማስረጃም ሆኗል። የግዕዙ ክርታስም ከሁለቱ ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ሁሉም ግሪኮች ከደንገል ለሚሠራ የመጻፊያ ገጽ ከሰጡት ስም ይመዘዛሉ። ደንገል ጣና ላይ ታንኳ የምንሠራበት ያው ተክል ነው። ካርድን ባዕድ ቃል ነው ብለው የሚያወግዙ ሰዎች የዘር ሐረጉን ቢቆጥሩለት ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ የእህቴ ትልቋ ልጅ ካርድ የምትቀበልበት ቀን ነበር። ወላጆች ከዝናቡ ተጠልለው በረንዳው ላይ ቆመዋል። ካርዱ ላይ የየትምህርቱ ውጤት፣ አማካዩ፣ ደረጃው፣ ጠባይዋ፣ የቀረችበት ቀን ሁሉ ተሞልቷል። እህቴ አንዱንም ሳታይ ዓይኗን የወረወረችው ግርጌ ላይ ወዳለው መስመር ነው። ወዲያው ስልኳ ጠራ። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ከሠመራ ነበር የደወለው።

"ካርዴ ሊያልቅ ነው፣ የካርዷን ቶሎ ንገሪኝ!"

"ተዛውራለች፣ ሰባተኛ ወጥታለች" ስትለው መስመሩ ተቋረጠ። እህቴ አልጠበቀችም፤ ከራሷ ስልክ የሃምሳ ብር ካርድ ላከችለት።